ያልተቀመሰው ሻይ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ ጭቃውን እየረጨ ገብቶ ቆመ። ከጣሪያው ላይ ጆንያና ሻንጣ ማውረድ ሲጀመር፣ ከኋላ በር አንዲት አጭር፣ ሽበታም ፀጉራቸውን እስከ ራስ ቅላቸው ያሳጠሩ ሴት ወረዱ። ሻንጣቸው ጣሪያው ላይ ነበረ፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በሁለት እጃቸው የያዙት በጨርቅ የተጠቀለለ አነስተኛ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነበር። ከቢሮ ልቀበላቸው ተልኬ ነበርና፣ በእንግሊዝኛ «ልያዝልዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳጥኑን አልሰጡኝም። ይልቁንም እጄን አዩና፣ «እጅሽ ቀዝቅዟል» አሉኝ። በአስተርጓሚነት ሥራዬ የሰማሁት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ለማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

የሥራ ዘመን ትዝታቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ነገር ግን ሥራዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ አለቆቼ ወደየፊናቸው ሄደዋል፤ እኔም አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «መምህርት፣ ከዚህ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ሲሉኝ «አስተርጓሚ ነበርኩ» እላቸዋለሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሥራዬ ሻይ ማዘጋጀት ነበር፤ እሱን ደግሞ በክፍል ፊት ቆሜ ላስረዳ ብል ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጊዜው አገሩ ሚሌኒየሙን አክብሮ ከጨረሰ በኋላ ያለው ነው። «መደራጀት» የሚለው ቃል ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስከ ገበያ ድረስ ከሰው አፍ አይጠፋም ነበር። ድንጋይ ጠራቢ ይደራጃል፤ ንብ አናቢ ይደራጃል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በሶሺዮሎጂ ተመርቄ፣ ዓመት ያህል ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ የመንዝን በግ ሱፍ የሚፈትሉ ሴቶችን በሚያደራጅ አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ለእናቴ ትንሽ ይተርፍ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ራቤል ነው። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ለብዙ ቀን «አዲሷ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ሲጠይቅ፣ እኔ ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ ቢሮ ተዛወርኩ። የመሐል ሜዳው አስተባባሪ አቶ ሰይፉ ደግ ሰው ነበር፤ ሪፖርት ይወዳል። «ብርቄ፣ ይሄ ዝምታሽ ለሪፖርት አይመችም» ይለኝ ነበር። እንግዳዋ ባለሙያ በመጡ ጊዜ ከሳቸው ጋር ዘመሮ ከተማ እንድሠራ መደበኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሁለታችሁም አታወሩም። ትስማማላችሁ» አለኝ።

ስማቸው ሐሩኮ ነው። ጃፓናዊት ናቸው፤ ሙያቸው ሱፍ ማቅለም። የዘመሮ ሴቶች የስሙን ጭራ ቆርጠው «ሐሩ» አሏቸው፤ «ሱፍ ልታስተምር ሐር መጣች» እያሉም ይስቁ ነበር። ፀጉራቸው አጭር በመሆኑ፣ ባልም ልጅም ስለሌላቸው፣ ወዲያው ደግሞ «እማሆይ» ተጨመረበት። መነኩሲት እንዳልሆኑ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ከፈታዮቹ አንዷ እትዬ ስንዱ፣ «ታዲያ ምን ቀራቸው?» አለችኝ።

ዘመሮ ውስጥ ፕሮጀክቱ የተከራየው ቤት አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ ጓዳ ነበረው። በሰፊው ክፍል ሴቶቹ ሱፍ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ እማሆይ ሐሩ ከቅጠልና ከሥር ቀለም ማውጣት ያሳዩአቸዋል። ወደ ማታ ሴቶቹ ሲሄዱ ሳጥኑ ይከፈታል። ከውስጡ አንድ ወፍራም የሸክላ ጎድጓዳ ሳሕን፣ ከቀርከሃ የተቀረጸች ቀጭን ማንኪያ፣ ረጅም እጀታ ያለው የቀርከሃ ጭልፋ፣ ጫፉ እንደ ፀጉር የተሰነጣጠቀ የቀርከሃ መምቻ፣ አንድ የሐር ጨርቅ፣ በመጨረሻም በቆርቆሮ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱ ማቻ ይባላል። የሻይ ቅጠል ነው፤ ግን ተዘፍዝፎ ቅጠሉ አይጣልም። በድንጋይ ወፍጮ ልሞ፣ ከነነፍሱ ይጠጣል።

እትዬ ስንዱ አንድ ቀን ነጠላዋን ረስታ ተመልሳ ስትመጣ ሳሕኑን አየችው።

«ጌሾ ነው?» አለችኝ።

«ሻይ ነው።»

«ሻይ ከሆነ ስኳሩ የታል?»

«ስኳር የለውም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጌሾ ነው» አለችና ነጠላዋን አንሥታ ሄደች። በማግስቱ ገበያው ሁሉ እማሆይ ሐሩ ጌሾ በውሃ በጥብጠው እንደሚጠጡ አወቀ።

እኔ በመጀመሪያ የማደርገው ማየት ብቻ ነበር። ከዚያ ዱቄት መንፋት ተፈቀደልኝ። ዱቄቱ እርጥበት ይወዳልና ካልተነፋ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ደግሞ ምንም ቢመቱት አይፈታም። ቀጥሎ ሳሕኑን ማሞቅ ተማርኩ። ሙቅ ውሃ ይጨመራል፤ መምቻው በዚያው ውሃ ይለሰልሳል፤ ውሃው ይደፋል፤ ሳሕኑ በነጭ ጨርቅ ይደርቃል። ከዚያ በቀርከሃዋ ማንኪያ ዱቄቱ፣ በጭልፋው ውሃው። ሲመታ የሚንቀሳቀሰው የእጅ አንጓ ነው፤ ክንድ ከገባበት አረፋው እንደ ሳሙና ይሆናል። አረፋው ሲደቅ መምቻው ወደ ላይ ቀለል ይልና፣ በመጨረሻ እንደ ዐይኑ «ዐ» አንድ ጊዜ ዞሮ ከመሐል ቀጥ ብሎ ይወጣል። እጄ «ዐ»ን ስለሚያውቃት ይህቺ ክፍል ቶሎ ገባችኝ። ሌላው ሁሉ ዘገየ።

የመንዝ ደጋ ለዚህ ሥራ የራሱ ጠባይ ነበረው። እማሆይ ሐሩ በአገራቸው የፈላውን ውሃ ቀዝቃዛ ጨምረው ያበርዱታል። እዚህ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ግን አይፋጅም። ሻዩ ሰነፍ ሆነባቸውና አንድ ሰሞን ዝም ብለው ማንቆርቆሪያውን ሲያዳምጡ ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ተዉ፤ እኔንም ፍላቱን በዓይን ሳይሆን በጆሮ እንድለይ አስተማሩኝ።

ሌላው እሳቱ ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር የምናነደው ኩበት ነው፤ የኩበት ጭስ ሻይ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ከሰል ከመሐል ሜዳ እናስመጣ ነበር። አንድ ቀን ግን የአከራያችንን ምድጃ ጠርጌ የኩበቱን አመድ ልደፋ ስል ክንዴን ያዙኝ። አመዱን በወንፊት ነፉት፤ ደግመው ነፉት። እንደ ጤፍ ዱቄት ላመ። በአገራቸው ከሰሉ የሚቀመጠው በአመድ ላይ ነው፤ አመዱም ራሱ እንደ መደብ ተለስኖ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ እንግዳ ያየዋል። «እንዲህ ያለ አመድ የሚያገኝ ሰው ለልጁ ያወርሰዋል» አሉኝ። ይህን ለእትዬ ስንዱ ብነግራት፣ «ሱፋችንን ያስተምሩን ብለን፣ እበታችንን ሊወዱብን ነው» አለች።

እማሆይ ሐሩ በአፍ አርመውኝ አያውቁም። አንድ ነገር ስሳሳት፣ የሠራሁትን ቀስ ብለው ያፈርሱትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እንደገና እሠራለሁ። ሁልጊዜ ማታ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ዛሬ ከሴቶቹ ማንን በረዳት?» የሚል። መጀመሪያ ሰሞን አላውቅም እል ነበር። እያደር ግን ቀኑን ሙሉ የሴቶቹን እጅና ትከሻ ማየት ለመድኩ። «ዛሬ እትዬ ስንዱን በርዷታል፤ እሷ ግን ለጎረቤቷ እሳቱን ለቀቀች» ስላቸው በማግስቱ የእትዬ ስንዱ መቀመጫ ወደ ምድጃው ተጠግቶ ይገኛል። ሻይ ማዘጋጀት ማለት በሳቸው ዘንድ አብዛኛው ይኸው ነበር።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ነው። አከራያችን ቤቱን ለልጁ ሱቅ ፈለገውና እስከ ገና እንድንለቅ ነገረን። ሱፍ ለማጠብ፣ ለማቅለምና ለማድረቅ የሚበቃ ሌላ ቤት በከተማው አልነበረም። አቶ ሰይፉ ቤት ካልተገኘ ሥራው ከዘመሮ ተነሥቶ መሐል ሜዳ እንደሚጠቃለል በግልጽ ነገረን። ይህ ማለት ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። እትዬ ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ በፍትሏ ሁለት ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። ዜናውን ስትሰማ ምንም አልቀለደችም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ ባለው ተረተር ላይ፣ ድሮ የእርዳታ እህል ይከማችበት የነበረ የድንጋይ ቤት ባዶውን ነበር። ቀበሌው «ሽማግሌዎቹ ከተስማሙ እኛ አንቃወምም» አለ። ቁልፉ ያለው የአካባቢው ሽማግሌዎች አውራ በሆኑት በጋሽ ደምሴ እጅ ነው። አቶ ሰይፉ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላከላቸው። መልሱ «እናስብበታለን» የሚል ነበር። የመንዝ ሰው «እናስብበታለን» ካለ አስቦ ጨርሷል።

እማሆይ ሐሩ ሽማግሌዎቹን ሻይ ልጋብዛቸው አሉ። አቶ ሰይፉ ሰምቶ ሳቀ። «አንድ በግ እንረድላቸው፣ አበላቸውን እንክፈል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈርሙ። ይሄን ቅጠል ምን ያደርጉታል?» አለኝ። ተረጎምኩላቸው። «ሻይ ላይ ምንም አይጠየቅም። አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው» አሉ። ይህንንም መልሼ ተረጎምኩለት። አቶ ሰይፉ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ከግብዣው በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ እማሆይ ሐሩ እንግዶቹን ምን ሊያስቀይማቸው እንደሚችል ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው፦ በግራ እጅ እንደማይሰጥ፣ ሽማግሌ ሲገባ እንደሚነሣ፣ ታላቅ ከመደቡ ራስ እንደሚቀመጥ፣ የጾሙን ነገር። ከሻዩ በፊት የሚበላው ጣፋጭ ቅቤ እንዳይነካው በሶ በማር አሽተን ትናንሽ አድርገን ጠፈጠፍን። ለአበባ የመረጡት ኮሸሽላ ነበር፤ ያ እሾሃም፣ ሰማያዊ ራስ ያለው፣ ማንም የማይቆርጠው። እንግዶቹን የማውቅ እኔ ነኝ ብዬ ተማምኜ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ደምሴ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ረጅም፣ ነገር የሚመዝኑ፣ በርኖሳቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። እኔ የረዳትነት ቦታዬ ጓዳ ስለሆነ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሙቅ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጃለሁ። በሶውን በሉ። ዝምታው ጥሩ ዝምታ ነበር። መምቻው ሳሕኑን ሲመታ፣ ከዚያም ሲያቆም ሰማሁ። ሳሕኑ ወለሉ ላይ ወደ እንግዳው ሲገፋ ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ደምሴ ድምፅ፣ «ይቅመሱት እንጂ» አለ።

እማሆይ ሐሩ ይህን ቃል ያውቁታል። ዘመሮ ውስጥ የገቡበት ቤት ሁሉ «ትንሽ ይቅመሱ» ሳይላቸው ቀርቶ አያውቅም። ለሳቸው ትርጉሙ «እባክዎ ይብሉልን» ነው። ስለዚህ እንግዳው በጨዋነት ተራውን እንደለቀቀላቸው ተረዱ። በአገራቸው ደግሞ ጋባዥ ለእንግዳው ያቀረበውን አይጠጣም። እጅ ነሡና ሳሕኑን መልሰው ገፉ። «እርስዎ ይቅመሱ» አሉ፣ በሚያውቋት አማርኛ።

«አይ፣ እርስዎ ይቅመሱት።»

«እርስዎ ይቅመሱ።»

ሳሕኑ ሲሄድና ሲመለስ ሰማሁ። የገባኝ ያኔ ነው። ጋሽ ደምሴ የሚሉት በአገራችን አሳላፊ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ጠላውን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ እንግዳውም ልቡ ተማምኖ ይጠጣል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እንደቀመስኩ አላውቅም። ለእማሆይ ሐሩ ያልነገርኳቸውም ለዚህ ነው። ሰው ሲተነፍስ አየር እንደሚስብ ለሌላ ሰው አይነግርም።

መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ጋሽ ደምሴ ቆመው በርኖሳቸውን እያስተካከሉ ነበር። «ባለቤቱ እንቢ ያለውን አንጠጣም። ደህና ዋሉ፣ እማሆይ» አሉና ወጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው። እስከ አጥሩ ድረስ ሮጬ ደረስኩባቸው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ በሳቸው አገር ጋባዥ እንደማይቀምስ፣ ሻዩ ንጹሕ እንደሆነ፣ አሁኑኑ ልቀምሰው እንደምችል ነገርኳቸው።

ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ቅምሻ ከጥርጣሬ በፊት ነው። ከተጠረጠረ ወዲያ የተቀመሰ ነገር ምስክር ነው እንጂ መጠጥ አይሆንም» አሉኝ።

ተመልሼ ስገባ እማሆይ ሐሩ ከሳሕኑ ፊት እንደተቀመጡ ነበር። አረፋው ጠፍቶ ሻዩ ከታች ዘቅጧል። ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ስናገር እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ይህ የሚቀምሰው ሰው፣ በእናንተ ዘንድ ምንድን ነው?»

«አሳላፊ ነው። ከሁሉም ታናሹ።»

«ሌሎቹ ግን እሱን አይተው ይጠጣሉ።»

«አዎ።»

«በእኛ ዘንድ ወፍራም ሻይ የሚባል አለ» አሉ። «ሳሕኑ አንድ ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ ከዚያው ይጠጣሉ። መጀመሪያ የሚጠጣው ሰው ከሁሉም የከበረው ነው። እሱን አይተው ሌሎቹ ይጠጣሉ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንድ ሰው ነው፣ ብርቄ። እናንተ ከታች አስቀምጣችሁታል፤ እኛ ከላይ።»

ምን ሊሉኝ እንደሆነ ስለገባኝ ፈራሁ። ከሽማግሌዎች ፊት፣ ከሽማግሌዎች ቀድሜ፣ ሁሉም እያየኝ መጠጣት። ሻይ ማዘጋጀቱ እጅ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ይህ ግን ፊት ይጠይቃል። ደግሞም የሚታለፍ የማይመስል እክል ነበር። በሳቸው ሥርዓት የከበረው እንግዳ የሚቀመጠው ከአበባው አጠገብ ነው፤ አበባው ያለው መደቡ ራስ ላይ። እኔ እዚያ ብቀመጥ ጋሽ ደምሴ ደጃፉን አይረግጡም። ከበሩ በኩል ብቀመጥ ደግሞ እማሆይ ሐሩ የመጀመሪያውን ሳሕን ሊሰጡኝ አይችሉም። ይህን ስነግራቸው ተነሡ። የኮሸሽላዋን ማሰሮ ከመደቡ ራስ አንሥተው ወደ በሩ ወሰዱና እዚያ አስቀመጧት። ተመልሰው መጥተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ሄጄ አበባዋ አጠገብ፣ በሩ ጥግ፣ አሳላፊ በሚቆምበት ቦታ ተቀመጥኩ።

ወፍራሙ ሻይ አይመታም፤ ይለወሳል። ዱቄቱ ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ነው፤ መጨረሻው እንደ አጥሚት ይሆናል። እሳቸው መለወሱን ሠሩ፤ እኔ መጠጣቱን ተለማመድኩ። ሳሕኑን በሁለት እጅ መቀበል፣ የሳሕኑን ፊት በከንፈሬ እንዳልነካ ማዞር፣ በቀስታ መጠጣት፣ የጠጣሁበትን ጠርዝ መጥረግ፣ ለሚቀጥለው ማሳለፍ። ከሥራዬ ሁሉ በጣም የከበደኝ ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹን እንደገና ያመጣቻቸው እትዬ ስንዱ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መንገድ ላይ ጠብቃ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ያኔ ቀማሽ አልነበረም፤ አሁን አለ» አለቻቸው።

«ቀማሹ ማን ነው?»

«ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ።»

«እሷማ ትናገራለች። አጥር ድረስ ሮጣ መጥታ ነው የተናገረችኝ» አሉ፤ እሑድ እንደሚመጡም ቃል ሰጧት።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፤ በሶው በማር መሆኑ ደግ ሆነ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ሲደርሱ ኮሸሽላዋን አይተው ቆም አሉ።

«እሾህ ደጃፍ ላይ? ለማን ነው?»

«ለነገረኛ ነው። እርስዎ ይግቡ» አለች በሩ ላይ የተቀበለቻቸው እትዬ ስንዱ።

ገብተው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በየክብራቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ጥግ። እማሆይ ሐሩ ጨርቁን አጥፈው ማንኪያዋን ጠረጉ፤ ዱቄቱን ጨመሩ፤ ማንቆርቆሪያው ድምፁን እስኪለውጥ ጠበቁ። ሻዩን ለወሱት። ሳሕኑንም በፊቴ አኖሩት። እጅ ነሣሁና አነሣሁት።

ሁሉም የሚያዩት ጉሮሮዬን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ድምፄ ጠፍቶ መምህሬ ናቸው ያነበቡልኝ። አሁን ግን ድምፅ የሚፈልግ ማንም አልነበረም። መዋጥ ብቻ ነበር። ዋጥኩት። መራራው መጀመሪያ የምላሴን ዳር ያዘ፤ ወደ ደረቴ ሲወርድ ሞቀኝ። የጠጣሁበትን ጠርጌ፣ ተነሥቼ፣ ሳሕኑን ለጋሽ ደምሴ አቀረብኩ።

ወዲያው አልጠጡም። «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይመራል» አልኳቸው። «ግን ጥሩ ነው።»

«ይጣፍጣል ብትዪኝ ኖሮ አልጠጣም ነበር» አሉና ሳሕኑን በሁለት እጃቸው ወሰዱ። ጠጡ። ፊታቸው አንድ አፍታ ኮምተር አለ፤ ከዚያ ተፈታ። ጠርዙን እኔ እንዳደረግኩት ጠረጉና ለጎናቸው አሳለፉ። «ኮሶ መስሎኝ ነበር። ኮሶ ግን እንዲህ አያሞቅም» አሉ።

ሳሕኑ ዞሮ ባዶውን ሲመለስ እማሆይ ሐሩን ትኩር ብለው አዩአቸው። «እማሆይ፣ ምን ፈልገው ነው የጠሩን?»

ጥያቄውን ሳልተረጉም እማሆይ ሐሩ በአማርኛ፣ «ምንም» አሉ።

«ምንም የማይፈልግ ሰው ያስፈራል» አሉ ጋሽ ደምሴ። ይህን ተረጎምኩላቸው፤ እማሆይ ሐሩም አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሲወጡ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ፣ ከኔ ዘንድ ቆሙ። «ቀማሽ ዋስ ነው፣ ልጄ። ነገ ማለዳ መጋዘኑ ዘንድ እንገኛለን። ብቻሽን ነይ። ያንን ‹ይላሉ› የምትዪውን ቃል ደግሞ እቤትሽ ትተሽው ነይ።»

እውነታቸውን ነው። ከራቤል እስከ ዘመሮ በሥራዬ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ይላሉ» የሚያልቅ ነበር። አቶ ሰይፉ ይላሉ፤ እማሆይ ሐሩ ይላሉ። በዚህ ቃል ኋላ ተጠልዬ በደህና ኖሬአለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሳሩ ላይ ሳይቀልጥ ተረተሩን ወጣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከድንጋዩ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ የምትመታበት በኩል ተቀምጠው ነበር። እጅ ነሣሁ። «ይህ ቤት ለሱፉ ሥራ እንዲሰጠን እፈልጋለሁ» አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ምንም ሳልጨምርበት ቀረሁ።

ጋሽ ደምሴ በዱላቸው ቁልቁል ወደ ወንዙ አመለከቱ። «ሱፍ ስታጥቡ የሚወጣው እድፍና ቀለም ወዴት ይወርዳል? ከብቶቻችን የሚጠጡት ከዚያ ነው።»

የተከለከልንበት ምክንያት ይኸው ኖሯል። «ለምን እስካሁን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀን? የመጣልን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ አይጠየቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጠይቄ እመለሳለሁ» እል ነበር። ቁልቁለቱን አየሁት። ከቤቱ በስተኋላ ድሮ ድንጋይ የወጣበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ከወንዙ የሚለየው አንድ ጉብታ ነው። «ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደዚያ ጉድጓድ እንወስደዋለን» አልኩ። «እዚያው ይሰምጣል። ወንዙ አይደርስም።»

«ማን ይቆፍራል?»

«ሴቶቹና እኔ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጄን አይተው ፈገግ አሉ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ውሃው ከከብቶቻችን ዘንድ ካልደረሰ ቁልፉን ይዤ ምን አደርገዋለሁ» አሉ።

«ዶማ ያውሱኝ» አልኳቸው።

ከአቅራቢያው ቤት ዶማ መጣልኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ከቤቱ ግድግዳ ሥር ጀመርኩ። መሬቱ ከላይ በውርጭ ጠንክሯል፤ ከሥሩ ግን ጥቁርና ልል ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ጋሽ ደምሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከኋላዬ መጡና የቆፈርኩትን መስመር በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ወደ ቀኝ አድርጊው» አሉኝ። «ቁልቁለቱ ወደዚያ ነው።»

ወደ ቀኝ አድርጌ ቆፈርኩ።